አሶሳ እና አሰሳ

አሶሳ ውስጥ «ኔትወርክ ነው የማጠናው» ማለት ጣጣ አለው። መጀመሪያ የነገርኩት የሰፈራችን ባለሱቅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝና «እስቲ እይልኝ፣ ከትናንት ጀምሮ አልስብ ብሏል» አለኝ። የስልክ ሠራተኛ እንዳልሆንኩ፣ የማጠናው በሰዎች መካከል ያለውን መስመር፣ ማን ከማን ሰምቶ ለማን እንደሚያወራ መሆኑን አስረዳሁት። ጥቂት አሰበና «ሐሜት ነዋ!» አለ። ተናደድኩ። እኔ ቶሎ ነው የምናደደው፤ አክስቴ ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ሲሰፍሩ እቃቸውን ሁሉ ትተው ቁጣቸውን ብቻ ይዘው መጡ ትላለች። ሲበርድልኝ ግን ባለሱቁ ብዙም አልተሳሳተም አልኩ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የመንግሥት የጤና መልእክት በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ነበር። ማኅተም ያለው ሐሜት ማለት ይቻላል።

የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት የቤርታ ሴት ናቸው። ገበያ ውስጥ የደረቀ ባሚያ ይሸጣሉ። አማርኛን የለመዱት እዚያው ገበያ ላይ ስለሆነ በእሳቸው አማርኛ ውስጥ ሴት የሚባል የለም። እኔም አንተ ነኝ፣ ላሟም መጣ፣ ልጃቸውም ወለደ። «አንተ ምሳ በላህ?» ይሉኛል ከሥራ ስመለስ። መጀመሪያ አርማቸው ነበር፤ በኋላ ተውኩት። እኔ እዚሁ ተወልጄ አድጌ ቤርትኛ የማውቀው ከሰላምታ ጥቂት አለፍ የሚል ስለሆነ እሳቸውን ለማረም ምን አፍ አለኝ።

አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው። በመንጌ መንገድ፣ በባጃጅ ብዙም በማይርቅ መንደር ትኖራለች። ባሏ ጉባ፣ ሕዳሴ ግድቡ ላይ የብየዳ ረዳት ነው፤ ማንኩሽ ከተማ ቤት ተከራይቶ እዚያው ይከርማል። አፉን ገና የፈታ ወንድ ልጅ አላቸው። አከራዬ ማንበብና መጻፍ አያውቁም፣ ስለዚህ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ስልኩን አፋቸው አጠገብ ያደርጉና ለልጅ ልጃቸው በድምፅ ያወሩለታል። ዘፈን ይሁን ወቀሳ ይሁን እንጃ፣ ረጅም ነው። ትንሽ ቆይቶ መልሱ ይመጣል። ልጁ ይስቃል፣ የአያቱን ቃል ደግሞ ይላል፣ እናቱ ከኋላ ሆና ስልኩን እንዳይልሰው ትቆጣዋለች። እሳቸው ያንን ደጋግመው ያጫውቱታል። እኔ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ የጥናቴን ነጥቦችና መስመሮች ስደረድር ሳቁን እሰማለሁ።

ጥናቴን ስለ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት የፌስቡክ ገጽ ነበር የምሠራው። የገጹን ጽሑፎች፣ ያጋሯቸውን ሰዎች፣ ለሁሉም ክፍት የሆኑ የቴሌግራም ግሩፖችን የሚሰበስብ ትንሽ ፕሮግራም አለኝ። እያንዳንዱ ሰው ወይም ግሩፕ ነጥብ ነው። መልእክት ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ መስመር ይሰመራል። ፕሮግራሙ የሚያነበው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ድምፅ አይሰማም። ያን ጊዜ ይሄ አላስጨነቀኝም።

የነጥብና የመስመሩ ካርታ ሲያልቅ የገጹን ኃላፊ ጠርቼ አሳየሁት። ወጣት ነው፣ ጨዋታ የሚወድ፣ መምህርት እያለ የሚያበሽቀኝ። መሥሪያ ቤቱ መሃል ላይ ትልቅ ነጥብ ሆኖ ዙሪያውን መስመር ከብቦታል። «እንዴት ያምራል፣ ፀሐይ ነው የሚመስለው» አለኝ።

«ዙሪያውን ያሉት እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ?»

ጠጋ ብሎ ስሞቹን አየ። ሳቁ ቀነሰ። ሁሉም የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ነበሩ። ማንኛውም ሠራተኛ የገጹን መልእክት ላይክና ሼር አድርጎ፣ ያደረገበትን ፎቶ አንስቶ ለሳምንታዊ ሪፖርት እንዲያቀርብ ታዟል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሼር ታደርጋለች፣ የሂሳብ ሠራተኛው ላይክ ያደርግላታል፣ ሾፌሩ «በርቱ» ብሎ ይጽፋል። ሪፖርቱ ላይ ተደራሽነት ከፍተኛ ይባላል። መልእክቱ ግን ከግቢው አጥር አይወጣም።

ከዚያ ክብ ራቅ ብሎ ሌላ ዓለም ነበር። የተማሪዎች ግሩፕ፣ የነጋዴዎች ግሩፕ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ግድቡ ላይ የሚሠሩ የክልሉ ልጆች ግሩፕ። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ መንደር ክር ይወጣል፤ ባል ለሚስት፣ ወንድም ለእህት። በእነዚያና በመሥሪያ ቤቱ መካከል ግን አንድም መስመር የለም፣ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ማየት አልወድም ነበር። አንድ ቀን የሚሻገር ነገር ቢገኝ ምን ይሆን የሚሻገረው እላለሁ ለራሴ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን እዘጋለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ጭቃው ገና ሳይደርቅ፣ ወባ በየቤቱ ሰው መጣል ጀመረ። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት አከራዬ እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ልከው የልጁን መልስ ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ የመጣው የልጃቸው ድምፅ ብቻ ሆነ። «ምን አለች?» አልኳቸው። «ሕፃን ትኩሳት አለው። አልሳቀም» አሉ። ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

በማግሥቱ ጠዋት የገጹ ኃላፊ ደወለ። «መምህርት! ተአምር ተፈጠረ! የትናንቱ መልእክታችን ክልሉን አዳረሰው!»

«ምን ለጥፋችሁ ነው?»

«ያው የወባውን ዘመቻ። ሥዕሉን አይተሽዋል፣ አጎበር ውስጥ የተኛ ሕፃን ያለበት።»

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። እውነቱን ነው፣ መልእክቱ ባዶውን ቦታ ተሻግሯል። ከመሥሪያ ቤቱ ክብ አንዲት ቀጭን መስመር ወጥታ የግድቡ ሠራተኞች ግሩፕ ውስጥ ገብታለች። ከዚያ በኋላ ያለው መስመር ለዓይን ያስቸግራል። ከጉባ ተነስቶ ተመልሶ እዚሁ አሶሳ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ላይ ተበትኗል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ስንት ወር ሙሉ የለም እያልኩ የጻፍኩት መስመር ተገኘ። ግን ደስ አላለኝም። ላይክ አልነበረም። አስተያየት አልነበረም። ማንም አልተሳደበ፣ ማንም አልቀለደ፣ ብቻ ሰው ሁሉ ተቀብሎ ያስተላልፋል። ሰው የወደደውን ነገር እንዲህ አያጋራም። የፈራ ሰው ነው አፉን ዘግቶ ለዘመዱ የሚልክ።

ምን እንደሚያስፈራ ፈለግኩ። ሥዕሉን ስለማውቀው ጽሑፉን ራሱን ከፍቼ አላነበብኩም። የዚህ ሥራ ወግ ሰው የሚደጋግመውን ቃል መቁጠር ነው፣ ቆጠርኩ። ፕሮግራሙ ያወጣልኝ ቃላት ቤት፣ ነገ፣ ሰዎች የሚሉ ናቸው። ከሁሉም በላይ ያለው አሶሳ ነው። የከተማው ስም። የሚያስፈራ ቃል የለም፤ ግድያ የለም፣ ክትባት ያመክናል የሚል የለም፣ ወረርሽኝ የለም። አሶሳ፣ አሶሳ፣ አሶሳ። እንዴት ነው ሰው በከተማው ስም የሚፈራው? ጠዋቱን ሙሉ በዚህ ግራ ተጋባሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ቤት ሄድኩ። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። አከራዬ በዚያ ሰዓት ገበያ እንጂ ቤት አይገኙም፣ በሩም ቀን ተዘግቶ አያውቅም። አንኳኳሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስጠራ ነው የከፈቱልኝ፣ እንደገባሁም መልሰው ቀረቀሩት።

«እናቴ፣ ምን ሆኑ?»

«አንተ ብቻህን ነህ? ውጪ ሰው አለ?»

«ማንም የለም። ምን ተፈጠረ?»

አንድ ቃል ተናገሩ። እኔ አሶሳ ያሉ መሰለኝ። «አሶሳ ምን ሆነ?» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቃሉን ደገሙት፤ አሁንም አሶሳ አልኩ። ተናደዱብኝ። ጡጫቸውን ጨብጠው የክፍሌን በር በኃይል ደበደቡት፣ ከዚያ በሌባ ጣታቸው ከቤት ውጣ እንደሚል ሰው አደረጉ። «አሶሳ አይደለም! አሰሳ! አሰሳ!»

ፕሮግራሜ ትዝ አለኝ።

ልጆች ስልክ ላይ ሲጽፉ የከተማውን ስም ያበላሹታል። ለመቸኮል ብለው «ሶ» ን «ሰ» ያደርጉታል፣ አሶሳ ለማለት አሰሳ ይጽፋሉ። ይሄ የሰለቸኝ ነገር ስለሆነ ፕሮግራሜ ላይ ደንብ አስገብቼለት ነበር፤ አሰሳ የሚል ባገኘህ ቁጥር አሶሳ በለው። ቃሉ በየመንደሩ ሲያልፍ ፕሮግራሜ እያስተካከለ፣ የከተማ ስም እያደረገ ሲያሳየኝ ነው የዋለው።

አሰሳ በጤና ሰዎች ቋንቋ በሽተኛ ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር ነው። ዕቅዳቸውም ሪፖርታቸውም ላይ አለ፣ ከበፊት ጀምሮ ይሉታል። ሰላም በጠፋበት ጊዜ ከካማሺ በኩል ሸሽተው እኛ ሰፈር የገቡ ሰዎች አሉ። ለእነሱ፣ ከእነሱም ለሰማው ሁሉ፣ አሰሳ መሣሪያ የያዘ ሰው በር ደብድቦ ወንዶቹን የሚያስወጣበት ቀን ነው። ሁለቱም አማርኛ ነው። ሁለቱም ትክክል ነው።

አከራዬ ስልካቸውን ሰጡኝ። አማቻቸው ከማንኩሽ ለሚስቱም ለእሳቸውም ጽሑፉን ልኮ፣ ከሥሩ በድምፅ አስረድቶበታል። ጽሑፉን ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ከነገ ጠዋት ጀምሮ በሁሉም ቀበሌዎች የቤት ለቤት አሰሳ ይካሄዳል። የተለዩ ሰዎች ተመዝግበው ክትትል ይደረግባቸዋል። ነዋሪው ከቤቱ ባለመራቅ ለአሰሳ ቡድኑ እንዲተባበር እናሳስባለን።» ወባ የሚለው ቃል ሥዕሉ ላይ ብቻ ነበር። ሰው ጽሑፉን ሲገለብጥ ሥዕሉ ቀረ፣ ወባም ከሥዕሉ ጋር ቀረ። ይደረግላቸዋል መባል የነበረበትን ደግሞ ይደረግባቸዋል ብለውታል። አንዲት «ላ» «ባ» ሆነች፣ በቃ።

«አማችዎ ምን አለ?»

«ቤት አትሁኑ አለ። ልጄ ጫካ ገባ፣ ቀርከሃ ውስጥ። ሕፃን አዝሎ ሄደ። ስልክ አይሠራም።» ስልኩን መልሰው ተቀበሉኝ። «ሕፃን ትኩሳት አለው። ትናንት አልሳቀም፣ ሰምተሃል።»

«እናቴ፣ ይሄ የሐኪም ነው። ሐኪሞች ናቸው የሚመጡት። ጣት ወግተው ደም ያያሉ፣ የወባ መድኃኒት ይሰጣሉ። ለእሱ የሚሆነውን ነው ይዘው የሚመጡት።»

አዩኝ። «ሐኪም ነው?» አሉ። «ሐኪም ከሆነ ለምን አሰሳ ይላል?»

በሩን ከፍቼ ወጣሁ።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ፣ በሩጫ ማለት ይቻላል። የገጹ ኃላፊ ሲያየኝ ሊያቅፈኝ ተነሳ፤ ስነግረው ተቀመጠ። አብረን ወደ አለቃው ገባን። አለቃው ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም፣ ወንበር ሰጡኝ። ጨዋነታቸው ነው ያናደደኝ።

«ቃሉ ከላይ በወረደው ዕቅድ ላይ ያለ ነው» አሉ። «እኛ አልፈጠርነውም። በሕክምና ቋንቋ ትክክለኛ ቃል ነው።»

«በሕክምና ቋንቋ የሚያወሩት ከማን ጋር ነው? ቀርከሃ ውስጥ ካለች ሴት ጋር?»

«መምህርት ተረጋጊ።»

«ትኩሳት ያለበትን ልጅ ይዛ የሸሸችው ከመድኃኒቱ ነው! ትኩሳት ያለበት ሁሉ ነው የሸሸ፤ ጤነኛው ምን ያሸሸዋል?»

ጤነኛውም ሸሽቷል፣ ግን ያን ጊዜ እንደዚያ ነው ያልኩ። አለቃው ማስተባበያ እንዲወጣ አዘዙ። ዘመቻውን ለጊዜው አቁሙት ብዬ ለመንኳቸው፤ ዕቅዱ ቀን አለው አሉ። የዚያን ቀን የከተማው ዳር ቀበሌዎች ተጀምረው ነበር፣ የአከራዬ ልጅ መንደር ተራ በማግሥቱ ነው። ማስተባበያው ሲረቀቅ አጠገባቸው ቆሜ አሰሳ የሚለውን ቃል አውጡት አልኩ። ዕቅዱ ላይ ካለው እንዳይጋጭ ተብሎ አልወጣም። «የሚካሄደው አሰሳ ከጸጥታ ጉዳይ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆኑን እየገለጽን» ተብሎ ወጣ። እስከዚያ ድረስ ጸጥታ የሚል ቃል የትም አልተጻፈም ነበር። ራሳቸው አስገቡት።

ፕሮግራሜ ላይ ያንን ደንብ ሰርዤ የማስተባበያውን መንገድ ተከተልኩ። እንደ ወትሮው ሠራተኛው ሁሉ ላይክ አደረገ፣ ፎቶ አነሳ። ከዚያ በጠዋቷ ቀጭን መስመር ተሻገረ። የግድቡ ሠራተኞች ግሩፕ ውስጥ አንዱ የመጀመሪያውን ግማሽ ገልብጦ ከላዩ ላይ «አሰሳ መኖሩን መንግሥት አረጋገጠ» ብሎ ጻፈበት። ከዚያ በኋላ ካርታውን ማየት አስጠላኝ። በሕይወቴ የሠራሁት ነገር እንደዚያን ቀን አስፈርቶኝ አያውቅም።

ቤት ተመልሼ አከራዬን በድምፅ እንዲናገሩ ለመንኳቸው። በራሳቸው ቋንቋ፣ ለልጃቸውና ለአማቻቸው ብቻ ሳይሆን ለሰው ሁሉ፤ አማቻቸው ግሩፑ ውስጥ ያስገባዋል። ሰው ጽሑፉን ያመነው ከወንድሙ ስለመጣለት ነው፣ የእሳቸውንም ድምፅ ገበያ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

«ሐኪም መሆኑን አንተ በዓይንህ አየህ?» አሉኝ።

«አላየሁም። ግን አውቃለሁ።»

«እኔም አላየሁም። ያላየሁትን አልናገርም። ሰው በእኔ ድምፅ ከጫካ ወጥቶ ሌላ ነገር ቢያገኝ፣ ወላሂ፣ እኔ ምን እሆናለሁ?»

ወደ መሥሪያ ቤቱ ይዣቸው ሄድኩ። የጤና ቡድኑ ከዳር ቀበሌዎች ተመልሶ ግቢው ውስጥ ዕቃ ይቆጥር ነበር። አከራዬ ማንንም ሳያስፈቅዱ ቦርሳ ከፈቱ። የጣት መውጊያውን ነካኩ፣ የመመርመሪያውን ፕላስቲክ አገላበጡ፣ የክኒኑን ማሸጊያ አሸተቱ። አንዷን ነርስ ፊቷን ትክ ብለው አይተው በቤርትኛ አናገሯት፤ ልጅቷ መለሰችላቸው። ከዚያ ግቢው ጥግ ወደቆመው መኪና ዞሩ። የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሽቶ ስለነበር ከሌላ ቦታ የተዋሱት ፒካፕ ነው፣ ከኋላው አረንጓዴ ሸራ የለበሰ። ሸራውን ገልጠው ውስጡን አዩ።

«ይሄ መኪና መንደር አይገባም» አሉ ለቡድኑ አስተባባሪ። «መንገድ ላይ ይቁም። በእግር ትገባላችሁ። እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ።»

አስተባባሪው እኔን አየኝ። «ያሏችሁን አድርጉ» አልኩት። ድምፄ ልመና አልነበረውም።

እዚያው ቦርሳዎቹ መሃል ቆመው ድምፃቸውን ቀዱ። የገባኝ ጥቂቱ ነው። ወላሂ ያሉት ገባኝ፣ ዓይኔ ያሉት ገባኝ፣ ወባ ያሉት ገባኝ። የልጅ ልጃቸውን ስም ሁለት ጊዜ ጠሩ። አሰሳ የሚለውን ቃል አንድም ጊዜ አላነሱትም። ለአማቻቸው ላኩት፣ ከዚያ ወደ ቤት ሄድን።

እንግዲህ ፕሮግራሜ ድምፅ አይሰማም ብያለሁ። ያ መልእክት የት እንደደረሰ፣ ማን እንዳስተላለፈው በካርታዬ ላይ ምንም የለም። ማወቂያ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ሰፈር ውስጥ ተንቆራጠጥኩ። ሊመሽ ሲል ባለሱቁ ጋ ሻማ ልገዛ ስሄድ ሁለት ሴቶች አንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው አገኘሁ። ከስልኩ የሚወጣው የአከራዬ ድምፅ ነበር። ባለሱቁ «ሐሜትሽ መጣ» አለኝ። በዚያች ሰዓት ብስመው ደስ ይለኝ ነበር። የአከራዬ ልጅ ስልክ ግን ዝግ ነው፤ ቀርከሃ ውስጥ ቻርጅ ማድረጊያ የለም። አገሩ ሁሉ የሰማውን ድምፅ ልጃቸው አልሰማችውም።

ጠዋት ከቡድኑ ጋር አብሬ ሄድኩ። ፒካፑ መገንጠያው ላይ ቆመ። አከራዬ ወረዱ፣ ነጠላቸውን አጠበቁ፣ ፊት ሆኑ። መንደሩ ዝም ብሏል። በሮች ተዘግተዋል፣ ዶሮዎች ብቻ ይዞራሉ፣ አንድ ቤት በር ላይ ግማሹ የተበላ ገንፎ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ከኋላችን ያሉት ነርሶች መነጋገር ትተዋል። ሰው የሌለበት መንደር ውስጥ የራሴን ጫማ ድምፅ ስሰማ የምንፈራው እኛ ሆንን።

አከራዬ መጣራት ጀመሩ። ቀርከሃው ዳር ቆመው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ሳያደርጉ፣ ገበያ ላይ ደንበኛ እንደሚጠሩ አድርገው ተጣሩ። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ወጣ። ድምፃቸውን ትናንት ሰምቶ እንደነበር፣ እውነት መሆኑን በዓይኑ እስኪያይ እንደቆየ ነገራቸው። ከዚያ ሴቶች ወጡ፣ ልጆች ወጡ። ነርሶቹ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጠው ጣት መውጋት ጀመሩ። ልጃቸው አልመጣችም። እሳቸው መጣራታቸውን አላቆሙም፣ ድምፃቸው እየሻከረ፣ ወደ ውስጥ እየገቡ። እኔ ተከተልኳቸው፣ ቅጠሉ ፊቴን እየቧጠጠኝ።

እሷ ናት ያየችን። ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋው ነበር። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ወድቋል፣ ዓይኑ ተገልጦ ነጩ ብቻ ይታያል፣ እግሩ ይንፈራገጣል። አከራዬ ሕፃኑን ተቀበሏትና ዞረው ሮጡ። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ ይሮጣል ብዬ አላስብም ነበር። እየሮጡ የጮሁት ለእኔ ነው፤ «መኪናውን ጥራ! አንተ፣ መኪናውን ጥራ!» አይገባም ያሉት መኪና ሸራውን እያርገበገበ መንደሩ መሃል ገባ፣ ማንም አልሸሸም። ሆስፒታል እስክንደርስ ነርሷ የወባ መርፌ ሰጥታዋለች።

ተረፈ። ብዙ ቀን ተኝቶ፣ ሁለት ጊዜ ተስፋ ቆርጠንበት፣ ተረፈ። አባቱ ከማንኩሽ መጥቶ አልጋው ሥር አለቀሰ፣ እኔ ነኝ ጫካ የሰደድኳችሁ እያለ። አከራዬ ተቆጡት። አልሐምዱሊላህ በል አሉት። ሕፃኑ ከሆስፒታል በወጣ ቀን እኛ ግቢ አመጡት። ከስቷል፣ ግን ይሄዳል፣ ዶሮዋን ያባርራል። አከራዬ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ ከኋላው በስሙ ጠሩት።

ዶሮዋን ተከትሎ ሄደ።

ደግመው ጠሩት። እናቱ ቀና አለች። እኔ እጄ ላይ የነበረውን ብርጭቆ ቀስ ብዬ አስቀመጥኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩት ያ ቀርከሃ ዳር የሰማሁት ድምፅ ነበር የወጣው። ልጁ አልዞረም። በኋላ ሐኪሙ ከባድ ወባ አንዳንዴ ጆሮ ይዞ እንደሚሄድ፣ ይመለስ እንደሆነ እንደማይታወቅ ነገረን።

ጥናቴን ጨረስኩ። ፈታኞቹ ስለ ፊደል ማስተካከያው ደንብ የጻፍኩትን ወደዱት፣ አንደኛው ለሌሎችም ትምህርት ይሆናል አለ። አመሰገንኩ፣ ከአዳራሹ ስወጣ ግን ለማንም ሰላም ማለት አላሰኘኝም። በቀጣዩ ክረምት ማብቂያ ላይ የገጹ ኃላፊ ደወለልኝ። አዲሱን መልእክት ከመለጠፉ በፊት ሊያነብልኝ ፈልጎ ነው። ወባ የሚለውን ጽሑፉ ላይ አስገብቷል፣ ይደረግባቸዋል የሚለውንም ይደረግላቸዋል አድርጎታል።

«አሰሳ የሚለውስ?»

«እሱ እንኳን» አለ፣ «ከላይ በወረደው ላይ አለ።»

አከራዬ አሁንም ከመግሪብ በኋላ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ድምፃቸውን ይልካሉ። እንደ ድሮው ረጅም ነው። ልጃቸው ተዪው ለማለት አንጀቷ አልቻለም። አንድ ቀን መንደሩ ሄጄ መልእክቱ ሲደርሳት አየሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አድርጋ ስልኩን የልጁ ደረት ላይ አስቀመጠችለት። ልጁ እጁን በላዩ ላይ አድርጎ እስኪያልቅ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ተኛ።